የረሂማ የዘይት ብርጭቆ

እኔ እንቁላል ነጋዴ ነኝ። ስሜ ጵርስቅላ ነው፤ ሲግናል አካባቢ ግን ከስሜ ይልቅ ምላሴን የሚያውቅ ይበዛል። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ አጥር ሥር አሥራ ሰባት ዓመት እንቁላልና ሽንኩርት ስሸጥ፣ ያልተጣላሁት ደንበኛ ቢኖር ገና ያልመጣው ነው። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም። የተነሳሁት ስለ ረሂማ ላወራ ነው፤ የረሂማን ነገር ሳወራ ግን የራሴን ጥፋት መዝለል ስለማልችል ከወዲሁ ማንነቴን እወቁልኝ ብዬ ነው።

ረሂማ ያን ሁሉ ዓመት ከጎኔ ቦንቦሊኖ ስትጠብስ ኖራለች። ቀጠን ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። እኔ አሥር ቃል ስናገር እሷ አንድ ትናገራለች፤ ያቺ አንዷ ደግሞ የኔን አሥር ታስረሳለች። ጧት ወደ መገናኛ የሚሮጠው ሠራተኛ፣ ተማሪው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ሁሉም ከእሷ ሳይገዛ አያልፍም። በሰፈራችን ቦንቦሊኖ የሚጠብስ ጠፍቶ አይደለም። የሌላው ሲበሉት ዘይቱ እስከ ክርን ይወርዳል፤ የረሂማ ግን የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ በቅጡ አያረጥብም። አንድ በልቶ ሁለተኛ ያልጠየቀ ሰው አላየሁም።

የሙያዋ ምሥጢር አንዲት የሻይ ብርጭቆ ናት። ጧት ሊጡን በትልቅ ሳፋ ይዛ ትመጣና ምድጃዋን ከመለኮሷ በፊት ብርጭቆዋን በቀዝቃዛ ዘይት ትሞላለች። ከዚያ በዘይት የተቀባ ጣቷን ሰድዳ፣ ሽምብራ የምታህል ሊጥ ሳትጨፈልቅ ቆንጥራ ብርጭቆው ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። ቁንጣሪዋ ከሰመጠች ሳፋውን መልሳ ትሸፍነዋለች። ሰው ተሰልፎ ቢያጉረመርም፣ እኔ ከጎን ሆኜ ብነዘንዛት፣ "ገና ነው" ብላ ዝም ነው። ከተንሳፈፈች ግን ቢስሚላህ ትልና ትጀምራለች። የብርጭቆው ዘይት ተመልሶ መጥበሻ ውስጥ ይገባል፤ ጠብታ አይባክንም።

በዚህች ብርጭቆ ስንት ዓመት ጨቀጨቅኳት መሰላችሁ። ሰዓትሽን አይተሽ አትጠብሺም ወይ፣ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት አይደለም ወይ የሚደርሰው እላታለሁ። እሷ ታዲያ ሰዓት ብርድ አይሰማውም፣ ሊጥ ግን ይሰማዋል ትለኛለች። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ብርጭቆ ላይ የምታፈጥ ሴት ስታዩ እናንተስ ዝም ትላላችሁ?

ደግሞም እኔ የራሴ ዳኛ አለኝ፤ ውሃ ነው። ደንበኛ እንቁላሌን ከጠረጠረ በቆርቆሮ ጣሳ ውሃ እቀዳና እከትለታለሁ። ደህናው እንቁላል ይሰምጣል፤ የተበላሸው ይንሳፈፋል። ረሂማ በዚህ ትስቃለች። ያንቺ የተንሳፈፈው ይጣላል፣ የኔ ደግሞ የሰመጠው፣ አንድ አጥር ሥር ምን አገናኘን ትላለች።

ልጇ ጀናን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከኛ ጋር ቁጭ ብላ ይህን ነገር ከመጽሐፏ አነበበችልን። ስሙ እፍግታ ነው አለች። አንድ ነገር የሚሰምጠው ክብደት ስላለው ብቻ ሳይሆን ለያዘው ቦታ ክብደቱ ሲበዛ ነው። ሊጥ ኩፍ ሲል ሚዛን ላይ ብናወጣው ያው ነው፤ አየር ስለሞላው ግን ሰፍቶ ለስፋቱ ቀላል ይሆናል። ዘይትም እንደዚሁ፣ አንድ ሊትር ውሃ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ዘይት ኪሎ አይሞላም። ረሂማ ይህን ስትሰማ ትከሻዋን ነካ አደረገችና ይህ እኮ ያውቀዋል አለች። እውነቷን ነው፤ ከሾላ ገበያ አምስት ሊትር ዘይት፣ ከቧንቧ አምስት ሊትር ውሃ በአንድ ዓይነት ጄሪካን ስታመላልስ ነው የኖረችው። እኔ ግን ሽንኩርት እየለቀምኩ ስለነበር ነገሩ ባንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ያ ጆሮዬ በኋላ ጉድ ሠራኝ።

አምና መስከረም ላይ የግቢው ባለቤቶች ግቢውን እንደሸጡት ነገሩን። ኅዳር ሲያልቅ አጥሩ ይፈርሳል፣ ፎቅ ይጀመራል። እኔ እንቁላሌን ተሸክሜ ሾላ አንዱ ጥግ ብቀመጥ ማን ይከለክለኛል። የፈላ ዘይት ግን ተሸክመው አይዞሩትም፤ ቦታ ይፈልጋል። ረሂማ ሁለት ወር ሙሉ ቦታ ፈልጋ ያገኘችው ሁሉ ከአቅሟ በላይ ሆነባት። ባሏ ሙሐመድ የሰው ሚኒባስ ነው የሚነዳው፤ የሱ ገቢ ብቻውን ቤታቸውን አይችልም። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ያለች እህቷ ነይ፣ ከኔ ጋር ትሠሪያለሽ አለቻት። ይህ ማለት ጀናን ከትምህርቷ በዓመቱ መካከል ልትነሳ፣ ሙሐመድ እዚህ ብቻውን ሊቀር፣ ቤተሰቡ ለሁለት ሊከፈል ነው ማለት ነው። ረሂማ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ አልተለወጠም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ያለ እሷ ከማን ጋር ነው የምጣላው?

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሙሐመድ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። እንጦጦ ፓርክ አቅራቢያ ያለች አንዲት ካፌ ጧት ጧት ለሚሮጠውና ለሚራመደው ሰው ትኩስ ቦንቦሊኖ የሚጠብስላት ባለሙያ ትፈልጋለች። ቦታውም ምድጃውም ከካፌዋ ነው። ረሂማ ሄዳ ተመዘገበች። ሌላ የተመዘገበች አንዲት ሴት አለች፤ የማርያምወርቅ ትባላለች፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው የመጣችው። ሁለቱም ቅዳሜ ጧት እዚያው ጠብሰው እንዲያስቀምሱ ተነገራቸው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቅምሻው ይጀምራል፤ ከሁለት አንዷ ትቀጠራለች።

ቅዳሜ ረሂማ ሊጡን እንደ ልማዷ አስልታ አቡክታ፣ ሙሐመድ ሚኒባሱን አምጥቶ፣ እኔም የምዘጋው ሱቅ ስለሌለኝ ዕቃዬን ሸፍኜ አብሬያቸው ወጣሁ። ሳፋው በረሂማ ጭን፣ አምስት ሊትሩ ዘይት በእግሯ ሥር፣ ዘይት የሞላች ብርጭቆዋ በኔ እጅ። ከሰፈር ዘይት የሞላ ብርጭቆ ይዞ የሚሄድ ማን አለ ብዬ እየተቆጣሁ ነበር። ሽቅብ ጠመዝማዛው ላይ አህያ መንገድ ገባችና ሙሐመድ ፍሬን ያዘ። ብርጭቆው ቀሚሴ ላይ ተገለበጠ። ረሂማ አይዞሽ፣ እዚያ ስንደርስ እንቀዳለን አለችኝ። እኔ ግን ስለ ቀሚሴ ያልተናገርኩት ቃል አልቀረም።

እንጦጦ ላይ የኅዳር ነፋስ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ያፏጫል። የመጥበሻው ቦታ ከካፌዋ ጀርባ፣ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የሌለው ዳስ ነው። የማርያምወርቅ ቀድማን ደርሳ ሥራ ጀምራለች። የወጥ ቤቱ ኃላፊ አቶ ቀጀላ አጠር ያሉ፣ ሪዛም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው፤ ሰዓታቸውን ቶሎ ቶሎ ያያሉ። ገና ዕቃችንን አውርደን ሳንጨርስ የጤና ምርመራ ደብተሯን ይዛ ቢሮ እንድትገባ ረሂማን ጠሯት። ስትሄድ ዞር ብላ፣ ሊጡን ሞክሪው፣ ከተንሳፈፈ መጥበሻውን ጥደሽ ጠብቂኝ አለችኝ።

እንግዲህ ጥፋቴ ይኸው። ብርጭቆዋ ባዶ ናት። የዘይቱ ጄሪካን ገና አልተከፈተም። ዘይት እንዲህ በተወደደበት ዘመን ለአንዲት ቁንጣሪ ሊጥ ብርጭቆ ሙሉ ዘይት? ቧንቧው ደግሞ አጠገቤ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት እንቁላል በውሃ ስፈርድ ኖሬ ሊጥ ያቅተኛል ወይ ብዬ ብርጭቆዋን በውሃ ሞላኋት። ቆንጥሬ ጣልኩ። ቁንጣሪዋ ዝቅ አለች፣ አመነታች፣ ተመልሳ ብቅ አለች። ተንሳፈፈች አልኩና ጄሪካኑን ከፍቼ መጥበሻው ላይ ዘይት ገልብጬ ጣድኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ለኔ ነው።

ረሂማ ስትመለስ ተንሳፈፈ ወይ አለችኝ። ተንሳፈፈ አልኳት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። በምን ሞከርሽው አላለችም፣ ራሷ ደግማ አልሞከረችም፤ ጎረቤቷ ነኝ፣ ዋሽቻት አላውቅም። እጇን ቀብታ ስድስት ቦንቦሊኖ አድቦለበለችና ቢስሚላህ ብላ ለቀቀቻቸው።

የሷ ቦንቦሊኖ ዘይት ሲነካ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ወዲያው ብቅ ይላል፤ ግማሹ ከዘይቱ በላይ ተቀምጦ ይጠበሳል፣ ይገለበጣል፣ በመጨረሻም ሁለቱ ወገን ቀልቶ ወገቡ ላይ ነጭ መቀነት ይቀርለታል። ያ መቀነት እኮ ተንሳፍፎ መጠበሱን የሚመሰክርለት ነው። የዚያን ቀን ግን ስድስቱም ሥር ወርደው ተኙ። ረሂማ ጭልፋዋን ይዛ ጠበቀች። ቆይተው ቆይተው ሲነሱ ተኮማትረው፣ ዙሪያቸውን ቀልተው፣ ዘይት ጠጥተው ነበር። መቀነት የሚባል የለም።

ረሂማ መጀመሪያ ሊጡን አየች። ቀጥላ ብርጭቆዋን አየች። ጣቷን ነከረችና ከአውራ ጣቷ ጋር አሻሸችው፤ ውሃ። ከዚያ እኔን አየችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ፊቷ ላይ ግን ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር። ስድስቱን አውጥታ ሳህን ላይ አደረገችና ምድጃውን አጠፋች።

አቶ ቀጀላ ከሁለት የወጥ ቤት ሠራተኞች ጋር የመጡት ይሄኔ ነው። የማርያምወርቅ የጠበሰችውን ቀምሰው ወደኛ ነው የዞሩት። ረሂማ ሳህኑን ወደ ኋላ ሸሸግ አደረገችና ቀና ብላ አየቻቸው።

"አቶ ቀጀላ፣ ሊጤ አልደረሰም። ብርዱን አላሰብኩትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አርባ ደቂቃ ቢሰጡኝ እጠብሳለሁ። ካልሆነ ግን እሄዳለሁ እንጂ ይህን አላበላዎትም።"

እሳቸው የተሸሸገውን ሳህን አዩ። ደንበኛ አርባ ደቂቃ ጠብቅ ቢባል እንደማይጠብቅ፣ የማርያምወርቅም በዚሁ ብርድ በሰዓቷ እንደጨረሰች ነገሯት። የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር። ረሂማ ራሷን ነቀነቀችና የሳፋውን ክዳን አነሳች፤ ዕቃዋን ልትሰበስብ ነው። ወደኔ በዓይኗ እንኳ አልጠቆመችም። ጀናን፣ ኮምቦልቻ፣ የሚፈርሰው አጥር፣ ሁሉም በዚያ ሳፋ ውስጥ ነበር፤ እሷ ግን እኔን አሳልፋ ከምትሰጥ ይዛው ልትሄድ ነው።

ደንበኛ ስሰድብ አንድ ቀን ተደናቅፎ የማያውቅ ምላሴ፣ ለአንዲት እውነት ተለጎመ። ጌታ ይርዳኝ ብዬ በግድ አላቀቅኩት።

"ውሸቷን ነው" አልኩ። "በዘይት እንድሞክረው እያወቅኩ በውሃ የሞከርኩት እኔ ነኝ። የሷ ስህተት እኔን ማመኗ ብቻ ነው።"

አቶ ቀጀላ ሊሄዱ ከዞሩበት ቆሙ። የተናደዱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ነገሩ ገርሟቸው ነው። ሃያ ዓመት ወጥ ቤት ውስጥ ኖረዋል፤ ውሃም ዘይትም ፈሳሽ ነው፣ ልዩነቱ ምን ላይ ነው ብለው ጠየቁ። ረሂማ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሌላ ብርጭቆ ለመነች። ጄሪካኑ ውስጥ በተረፈው ቀዝቃዛ ዘይት ሞላችው፤ የኔን የውሃ ብርጭቆ ከጎኑ አስቀመጠች። ከአንድ ሊጥ ሁለት ቁንጣሪ አንስታ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ጣለች። የውሃው ተንሳፈፈ። የዘይቱ ቀስ እያለ፣ ሲወርድ እያየነው፣ ብርጭቆው ሥር ሄዶ አረፈ።

"ውሃ ከበድ ስለሚል ግማሽ ኩፍ ያለውንም ይሸከማል" አለች ረሂማ። "ዘይት ቀላል ነው፤ ያልሞላለትን ሊጥ አይሸከምም። እኔ ደግሞ የምጠብሰው በዘይት ነው እንጂ በውሃ አይደለም።"

አቶ ቀጀላ ጎንበስ ብለው ብርጭቆዎቹን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና እኔ ልሞክር አሉ። ቆንጥረው ጣሉ፤ ያው ሆነ። ደግመው ጣሉ፤ ያው ሆነ። ሰዓታቸውን አዩና ለሠራተኞቹ ሻይ እንዲጠጡ ነገሯቸው። አርባ ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ደቂቃ አልጨምርም ብለው ገቡ።

አሁን ሊጡን ማሞቅ ነው። የሙሐመድ ሚኒባስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለነበር መስኮቶቹን ዘጋንና ሳፋውን ጭኔ ላይ አድርጌ ውስጡ ተቀመጥኩ። ጃኬቴን አለበስኩት፣ የረሂማን ሻርፕ ደረብኩበት። ላቤ ይወርዳል፤ በሩን ልክፈት ብል ራሴን አልምረውም። በዚህ መካከል የማርያምወርቅ መጣች። በጄሪካን ሙቅ ውሃ ይዛለች፤ ከሳፋው ሥር አድርጊው፣ ይረዳዋል አለችኝ። ባላንጣችን እኮ ናት። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር፤ ለዚህም አፍሬያለሁ። ረሂማ ውጭ ቆማ በከንፈሯ ዱዓ ታደርጋለች፤ እኔ ውስጥ ሆኜ በኔ መንገድ እጸልያለሁ። ሰማይ የዚያን ቀን ስለ አንድ ሳፋ ሊጥ ከሁለት በኩል ተለመነ።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ረሂማ ብርጭቆዋን በዘይት ሞልታ መጣች። ክዳኑን ስናነሳ ሊጡ እስከ ሳፋው አፍ ደርሷል። ቆንጥራ ጣለች። ቁንጣሪዋ ዝቅ አለች። ከዚያ ተመለሰች፤ ብቅ ብላ ዘይቱ ላይ ተቀመጠች። ረሂማ አልሃምዱሊላህ አለች፣ እኔ ሃሌ ሉያ አልኩ፣ ሙሐመድም ሁለታችንንም አይቶ ሳቀ።

ሌላ ስድስት አድቦልብላ እንደገና የጋለው ዘይት ውስጥ ስትለቃቸው ወዲያው ብቅ ብቅ አሉ። ግማሽ ጎናቸውን አውጥተው ተጠበሱ፣ ተገለበጡ፣ ነጭ መቀነታቸውን ታጥቀው ወጡ። አቶ ቀጀላ አንዱን ወረቀት ላይ አስቀመጡና ጥቂት ቆይተው አነሱት። ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፤ ደረቅ ነው። በልተው እንደጨረሱ እጃቸውን ሰደዱና ሁለተኛውን አነሱ። እኔ የሲግናልን ሰው አሥራ ሰባት ዓመት ሁለተኛ ሲያነሳ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ነገሩ ማለቁን ከሳቸው በፊት አወቅኩ።

ሰኞ ተደውሎ ሥራው ያንቺ ነው ተባለች። ያቺን አርባ ደቂቃ ስለመስጠታቸው በኋላ ሲጠየቁ አቶ ቀጀላ፣ ጣፋጭ የሚሠራ ሰው አላጣሁም፣ ያልሆነለትን አላበላም ብሎ የሚሄድ ነው ያጣሁት አሉ ይባላል። የሰመጡትን ስድስት ቦንቦሊኖዎች ረሂማ አልጣለቻቸውም ነበር። አንዱን ወስጄ ቤቴ በላሁት፤ ቅጣቴ ነው ብዬ። ሆዴ ውስጥ እስከ ማታ ከበደኝ።

አጥሩ በተባለው ቀን ፈረሰ። እኔ እንቁላሌን ይዤ ሾላ ልገባ ስሰናዳ ረሂማ ቤቴ መጣችና አንድ ሰው ቅጠሪ ብለውኛል፣ ነይ አብረን እንሥራ አለችኝ። ውሃ ልቀዳ፣ መጥበሻ ላጥብ መስሎኝ እሺ አልኩ። ለሷ ከዚያ በላይ ልሠራላት የሚገባኝ ሰው አልነበርኩም።

የመጀመሪያው ጧት ብርዱ ከዚያ ቅዳሜም ይብስ ነበር። ረሂማ ሳፋውን ከፍታ ብርጭቆዋን በዘይት ሞላችና ፊቴ አስቀመጠችው። አንቺ ነሽ የምትሞክሪው አለችኝ። የምትቀልድ መሰለኝ። ከስንቱ ሰው መርጠሽ እኔን፣ አብደሻል ወይ አልኳት።

"ከእንግዲህ ለዚህች ብርጭቆ ከአንቺ የበለጠ የሚጠነቀቅላት ሰው ከየት አመጣለሁ?" አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ለሁለተኛው ሊጥ ዱቄት መንፋት ጀመረች።

ጣቴን በዘይት ቀባሁ። ሳልጨፈልቅ ቆንጥሬ ጣልኩ። ቁንጣሪዋ ቀስ ብላ ወርዳ ብርጭቆው ሥር አረፈች። ሩጫውን ጨርሶ ላቡ ሳይደርቅ የተሰለፈ አንድ ሰውዬ ሰዓቱን አየና ስንት ደቂቃ ነው የምንቆመው ብሎ አጉረመረመ።

"ገና ነው" አልኩት።

ረሂማ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።